የፎቶ አንሺ አባታችሁን ዕቃ ከመንካታችሁ በፊት

አባባ ዕድሜ ልኩን ሰው ሲያነሳ ኖሮ፣ ያረፈ ዕለት ለድንኳን የሚሆን አንድ የራሱ ፎቶ አጣን። ቤቱ በፎቶ ተሞልቷል፤ ሁሉም የሰው ነው። የእሱ የምትባለው መታወቂያው ላይ ያለችው ጉርድ ብቻ ናት። እሷም ማኅተም አርፎባታል። ለቀስተኛ እየገባ እህቴ መሳቢያ ታገላብጣለች። በመጨረሻ ጎረቤታችን የራሷን የሠርግ አልበም ይዛ መጣች። አንዱ ፎቶ ላይ ሙሽሮቹ ከመስታወት ፊት ቆመዋል። መስታወቱ ውስጥ አባባ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ካሜራው ላይ ተደፍቷል። እሱኑ አስጎልተን ሰቀልነው። "ጋሼ ዛሬም ሥራ ላይ ናቸው" እያለ ያልሳቀ ለቀስተኛ የለም።

ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ዕቃ ለወረሳችሁ ነው። ፎቶ አንሺ፣ ሠዓሊ፣ ወይም እንደ አባባ ሁለቱንም የሆነ ሰው ሲያልፍ የሚተወው ነገር ግራ ያጋባል። መሬት አይደለም፣ ወርቅ አይደለም። ካርቶን ሙሉ ነጌቲቭ (ፎቶው የሚወጣበት፣ ጥቁርና ነጩ የተገለበጠ ፊልም)፣ የደረቀ ቀለም፣ የታጠፈ ሸራ፣ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጨለማ ክፍል ነው። ሰው ሁሉ የሚመክራችሁ አንድ ነገር ነው፦ "ቶሎ ስካን አድርጉት።" እኔ ግን ስካኑ ይደርሳል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ስም ሰብስቡ። ነጌቲቭ በወጉ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ይጠብቃችኋል። ፎቶው ላይ ያለችውን ልጅ የሚያውቋት አዛውንት ግን ለከርሞ ላይኖሩ ይችላሉ።

አባባ ሥራውን የጀመረው አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ በተላላኪነት ነው። ያኔ ከስመ ጥሮቹ ፎቶ ቤቶች መካከል የአርመኖቹ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ሲያነሱ የኖሩት ቦያጂያኖችም አርመን ናቸው። አባባ እነሱ ጋ አልሠራም፤ መስኮታቸው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ቆሞ እያየ ነው ዓይኑን የገራው። ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግባት ይመኝ ነበር፤ ቀለም ትምህርቱን በጊዜ ስላቋረጠ አልሆነለትም። ጅማ የመጣው የአንድ ቡና ቤት ግድግዳ ሊስል ነው። በዚያው ቀረ። ከተማዋ ያኔ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ቡናው ገንዘብ ያመጣል፣ ገንዘብ የያዘ ሰው ደግሞ ፎቶ መነሳት ይወዳል። ሕርማታ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራየና ፎቶ ቤት ከፈተ።

ክፍሏን አሁንም ዓይኔን ጨፍኜ መሳል እችላለሁ። ግድግዳው ላይ ለደንበኛ የሚዋስ ኮትና ከረባት ተሰቅሏል። ኮቱ አንድ ነው፤ ቀጭን ሰው ሲለብሰው ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ይጠበባል። መስታወት፣ በገመድ የታሰረ ማበጠሪያ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ሽቦው የትም ያልተገናኘ ስልክ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ያልተነሳ ጎረምሳ አልነበረም። ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከአጋሮም፣ ከሰቃም፣ ከዴዶም ሰው ይመጣል። በተለይ ሐሙስ፣ ገበያው ቀን፣ ወረፋው እስከ መንገዱ ይደርሳል። እማዬ ገንዘብ ተቀባይ ነበረች። መዝገቡንም የያዘችው እሷ ናት፦ ቁጥር፣ ስም፣ ቅድሚያ፣ ቀሪ።

አባባ ግን ከሥራው ሁሉ የሚኮራው በመጋረጃዎቹ ነበር። ከተነሺው ጀርባ የሚዘረጋውን ሥዕል ማለቴ ነው። አቡጀዲ ይገዛል፣ እማዬ ትሰፋለታለች፣ ኮላ ቀብቶ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት ይስላል። የመጀመሪያው ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው፤ የእንጨት ሰገነቱ ሳይቀር። ሁለተኛው ሐይቅ ነው። ሐይቁ ላይ መርከብ፣ ከላዩ አውሮፕላን። የአውሮፕላኑ አንድ ክንፍ ከሌላው ይረዝማል። ሰው ሲነግረው "እየዞረ እኮ ነው" ይል ነበር። ሦስተኛው ትልቅ ደረጃ ያለው ሳሎን ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ሰው ሲያርፍ አርባው እንኳ ሳይወጣ "ክፍሉን አጽዱትና አከራዩት" የሚል ዘመድ ይመጣል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ኑሮ ነው። እናንተ ግን ክፍሉን ቆልፉ። ቆራሌው በር ላይ ሲጮህ ለትሪፖዱና ለአሮጌው ማጉያ ማሽን ጥሩ ዋጋ ይሰጣችሁ ይሆናል። አትቸኩሉ። አንድ ዕቃ ከማንሳታችሁ በፊት ክፍሉን ራሱን በስልክ አንሱት። እያንዳንዱን መደርደሪያ፣ እያንዳንዱን መሳቢያ፣ ካርቶኖቹ የተደራረቡበትን ቅደም ተከተል። ቅደም ተከተሉ ራሱ መረጃ ነው። አባባ ነጌቲቮቹን ባዶ የፎቶ ወረቀት ካርቶን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ክዳኑ ላይ ወሩና ዓመቱ በእርሳስ ተጽፏል። አንዳንዱ ላይ ግን ምንም የለም። ያልተጻፈበት ካርቶን በየትኞቹ ሁለት መሃል እንደነበር ስላወቅን ብቻ ዘመኑን ገመትን።

መዝገብ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ገጽ በገጽ አንሱ። የእማዬ መዝገብ ላይ ስም ብቻ አይደለም ያለው። "ጥቁር ባርኔጣ የያዙት"፣ "የነርሷ ወንድም"፣ "ሙሽራው ከአጋሮ፣ ችኩል" የሚል አለ። ይህ ከስም በላይ ጠቅሞናል።

አሁን ስሙ። ፎቶ ይዛችሁ ሄዳችሁ "ይቺ ማናት?" ካላችሁ "አላወቅኋትም" ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። ሰው የሚያስታውሰው ከፊት ጀምሮ አይደለም። በልብስ፣ በቤት፣ በዝምድና ነው የሚገባበት። "ይህ ሠርግ የማን ይመስልዎታል?" "ይህ በረንዳ ፈረንጅ አራዳ ያለው አይደለም?" ብላችሁ ጀምሩ። ደግሞ ለብቻ አትጠይቁ። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ፎቶውን መሃል አስቀምጡት። አንደኛዋ እናት "ይቺማ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት" ይላሉ። ሌላኛዋ "ኧረ እሷ ፍንጭት ነበረች" ብለው ይቆጣሉ። ሦስተኛዋ ፎቶውን ከእጃቸው ነጥቀው ወደ ብርሃን ይወስዱታል። ክርክሩ ነው ወርቁ። በስልካችሁ ድምፁን ቅዱት፤ ፈቃዳቸውን ጠይቁና። የጅማ ሰው ጨዋታ ሲይዝ አማርኛውንና ኦሮምኛውን እያቀላቀለ ነው። አታቋርጡ፣ "በአማርኛ ይበሉልኝ" አትበሉ። ኦሮምኛው ካልገባችሁ በኋላ የሚያስረዳችሁ አታጡም።

የተነገራችሁን ስትጽፉ የነገራችሁን ሰውና ቀኑን አብራችሁ ጻፉ። ሁለት ሰው ለየብቻ አንድ ስም ከጠራ እርግጠኛ ሁኑ። አንድ ሰው ብቻ ከሆነ "እንደ እገሌ አባባል" ብላችሁ ተዉት። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፣ ጫናውም ፊት ለፊት ምልክት ያወጣል። ለስላሳ እርሳስ ይዛችሁ ጠርዙ ላይ ቀለል አድርጋችሁ ጻፉ። ጀርባው ፕላስቲክ መሰል ሆኖ እርሳስ አልይዝ ካለ ፖስታው ላይ ይሁን።

ስም ያልተገኘለትን ፎቶ ቢያንስ ዘመን ፈልጉለት። እዚህ ላይ ነው የአባባ መጋረጃዎች ያወጡን። ቀን የተጻፈባቸውን ፎቶዎች ሰብስበን የትኛው መጋረጃ ከመቼ እስከ መቼ እንደተዘረጋ አወጣን። ከዚያ በኋላ ቀን የሌለው ፎቶ ሁሉ ከጀርባው ባለው ሥዕል ተመደበ። ቤተ መንግሥቱ ካለ ከአብዮቱ በፊት ነው። አውሮፕላኑ ካለ የደርግ ጊዜ ነው፤ ያ ሁሉ ሰው ለቀበሌ መታወቂያ ጉርድ የሚነሳበት ዘመን። ሐይቁ ላይ የቀለም ስንጥቅ ከታየ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። የእናንተም አባት ፎቶ ቤት የራሱ ምልክት አለው፤ የወለሉ ፕላስቲክ፣ ወንበሩ፣ የፎቶው ጠርዝ አቆራረጥ፣ ጀርባው ላይ ያለው ማኅተም። እሱን ፈልጉ።

አቀማመጥ ላይ ብዙ አልፈላሰፍም። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ጠላታችሁ እርጥበት ነው፣ ልጁም ሻጋታ። ከቆርቆሮው ሥር አታስቀምጡ፤ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል። መሬት ላይም፣ የውጭ ግድግዳ አስጠግታችሁም አታስቀምጡ። የውስጥ ክፍል ቁምሳጥን፣ መካከለኛው መደርደሪያ ይበቃል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት ሰብስባችሁ ጨምሩበት፤ ሲቆይ ትጠግባለችና ቀይሯት። ነጌቲቭ በተራ ላስቲክ አይጠቀለል፤ ንጹሕ የወረቀት ፖስታ ይሻላል። ገጹ የሚያጣብቅ አልበም ፎቶ ይበላል። ፎቶ ከመስታወት ጋር ከተጣበቀ ደግሞ አትጎትቱ። በመስታወቱ ላይ እንዳለ በጎን ብርሃን አንሱት፣ ከዚያ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አንድ ነገር ግን አሽትቱ። አንዳንድ ካርቶን ስትከፍቱ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። የምግብ አይደለም፤ የፊልሙ ፕላስቲክ እየፈረሰ ነው። ያ ሽታ ያለበት ፊልም ይጠቀለላል፣ ይሰባበራል፣ አጠገቡ ያለውንም ያፋጥናል። ለብቻው አውጡት። ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉት፤ ይተንፍስ። ስካን ለማድረግ ቅድሚያ የሚሰጠውም እሱ ነው። ስም ይቅደም ያልኩትን ለዚህ ካርቶን ብቻ እተዋለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ነጌቲቭ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ነጌቲቩን ወደ መስኮት አድርጋችሁ አጋድሉት። አንደኛው ገጽ ያንጸባርቃል፣ ሌላው ደብዘዝ ይላል። ደብዛዛው ላይ፣ ፊቱ አካባቢ፣ ጥቃቅን የእርሳስ ጭረቶች ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እሱ ሪቱሽ ነው። አባባ ማታ ማታ መብራት ከታች አድርጎ፣ የተቀረጸ እርሳስ ይዞ፣ የሰው ሽብሽብ ሲያለሰልስ ያመሽ ነበር። ነጌቲቭ ላይ ያጠቆረው ቦታ ፎቶው ላይ ይነጣል። አንዳንዱ ላይ ዙሪያው ቀይ ቀለም የተቀባ አለ፤ ጀርባውን ነጭ ለማድረግ ነው። እህቴ መጀመሪያ ባየችው ጊዜ አቧራ መስሏት ጥጥ ይዛ ቀርባ ነበር፤ እማዬ ናት እጇን የያዘቻት። ቢጠረግ ኖሮ የሚሄደው የአባባ እጅ ነበር።

ስካነር ካገኛችሁ ለወረቀት ፎቶ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የነጥብ ብዛት)፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ነጌቲቭ 2,400 እና ከዚያ በላይ አድርጉ። ካላገኛችሁ ስልክ ይበቃል። ታብሌት ወይም ላፕቶፕ ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱ፣ ብርሃኑን ጨምሩ። ነጌቲቩን ስክሪኑ ላይ በቀጥታ አትለጥፉ፤ የስክሪኑ ነጠብጣብ ይወጣባችኋል። በሁለት የመጽሐፍ ቁልል መሃል ከስክሪኑ ከፍ አድርጉት። የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ ከላይ ቀጥ ብላችሁ አንሱ፣ በስልኩ ማስተካከያ ቀለሙን ገልብጡ። ፊልሙ ጠርዝ ላይ ያለው ጽሑፍና ቁጥር በትክክል ከተነበበ ግራና ቀኙ አልተዟዟረም ማለት ነው። ከዚያ ሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። የእኛ አንዱ ዲስክ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነው።

ስለ ማኅተም ልንገራችሁ። አባባ ይህን ያጫወተኝ አንዴ ነው፤ ደግሞም አላነሳው። በቀይ ሽብር ጊዜ አንዲት እናት የልጃቸውን የተማሪነት መታወቂያ ይዘው መጡ። ሌላ ፎቶ የለውም። የትምህርት ቤቱ ወይን ጠጅ ማኅተም አገጩ ላይ ወጥቷል። አባባ ፎቶውን በጥቁርና ነጭ ፊልም መልሶ ሲያነሳው ካሜራው ፊት ሰማያዊ ማጣሪያ አደረገ። በጥቁርና ነጭ ፊልም አንድ ቀለም በራሱ ዓይነት ማጣሪያ ሲታይ ይሳሳል። ማኅተሙ ግማሽ ሄደ። የቀረውን በብሩሽ ሸፈነው። ከዚያ አጉልቶ፣ በዘይት ቀለም ሊቀባው ሲል "እንዳለ በሸሚዙ ይሁን ወይስ ኮት ላልብሰው?" አላቸው። "ኮት አልብስልኝ፣ ልጄ። ሳይሞሸር ነው የሄደብኝ" አሉት። ያንን የግድግዳውን ኮት ነው የሳለለት። ገንዘብ አልተቀበለም።

ዘዴው ዛሬም ይሠራል። ማኅተም ያረፈበትን ጥቁርና ነጭ ፎቶ በቀለም አንሱት። ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሩ የሰማያዊውንና የወይን ጠጁን መጠን ከፍ አድርጉ። ማኅተሙ ይሳሳል። ለቢጫ እድፍ ደግሞ ቢጫውን ወይም ቀዩን። የአባባን የመታወቂያ ጉርድ ለሙት ዓመቱ ያጸዳነው እንዲህ ነው።

የተሳለ ሸራ ወይም መጋረጃ ካላችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉ። ድንች፣ ሽንኩርት፣ ዳቦ የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ አትስሙ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ። የታጠፈ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ዘርጉት። ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ የተሳለውን ፊት ወደ ውጭ አድርጋችሁ ጠምጥሙት። ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደዳል።

ፎቶዎቹን ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አንድ ጊዜ አስቡ። ነጌቲቩ የአባታችሁ ነው፣ ፊቱ ግን የሰው ነው። ያኔ ፀጉሯን ገልጣ የተነሳች ዛሬ ሐጂያ ናት። ከሌላ ሰው ጋር ተቃቅፋ የተነሳች ዛሬ አያት ናት፣ ባሏም በሕይወት አለ። እኛ ቤተሰቡን ካላገኘን አንለቅም። አንዲት እናት የራሳቸውን ፎቶ አይተው በጣም ሳቁ፣ ከዚያ "ይሄንን ለእኔ ስጡኝና እናንተ ጋ ያለውን አጥፉ" አሉን። አጠፋን። የታሪክ ጥናት የሚሠሩ ወዳጆቼ ተቆጥተውኛል። ይቆጡ።

ያልተወሰዱ ፎቶዎችም አሉ። ቅድሚያ ተከፍሎባቸው፣ ታጥበው፣ ፖስታ ውስጥ ገብተው ባለቤቱ ያልተመለሰባቸው። አንዳንዱ ዘምቶ ነው፣ አንዳንዱ ቀሪውን አጥቶ ነው። እነሱን በመዝገቡ እየፈለግን መመለስ ጀምረናል። አንድ የሰቃ አዛውንት በሃያ ዓመታቸው የተነሱትን ስንሰጣቸው መዝገቡን አሳዩኝ አሉ። "ቀሪ ሁለት ብር" ይላል። ካልከፈልኩ አልወስድም ብለው ድርቅ አሉ። እማዬ ተቀብላ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ በራሷ እጅ ሰረዘችው። "በወለድ ቢሆን ኖሮ ቤት እሠራ ነበር" ስትላቸው ሳቁ።

ለወመዘክርም (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ሆነ ለሌላ ተቋም መስጠት ካሰባችሁ የምትሰጡት ዋናው ይሁን ቅጂ፣ ማን ሊያየው እንደሚችል፣ የአባታችሁ ስም ከሥራው ጋር እንደሚጠራ በጽሑፍ ይሁን። የቃል ስምምነት ሰው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። እኛ ለጊዜው ዋናውን ይዘነዋል፤ ገና ስም ያልወጣለት ብዙ ካርቶን ስላለ።

ስለዚህ ጅማ ያደጋችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ እዚያ የኖሩ፣ የቤተሰብ አልበማችሁን እስቲ አውጡት። ከጀርባ ሐይቅ፣ ሐይቁ ላይ መርከብ፣ ከላይ አንድ ክንፉ የረዘመ አውሮፕላን ካያችሁ ፎቶውን አገላብጡት። በእርሳስ የተጻፈች ቁጥር አለች። ቁጥሯን ላኩልኝ፤ መዝገቡ እኛ ጋ ነው። ቀሪ ካለባችሁም እማዬ ትነግራችኋለች።